ቁጥሩን ሳይሆን ሰዎቹን፦ የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ አላበዛም። የአድዋን በዓል እንደ ወትሮው በሰልፍ ሰዓት አክብረናል፤ ሚኒ ሚዲያዎች ስላገዛችሁን እናመሰግናለን። ከዚያ ውጪ ግን ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ጉዳይ ነው፤ በሊቢያ የተገደሉት ወገኖቻችን። ሚያዝያ ላይ 10 ዓመት ሞላቸው።

የክበቡ አባላት አብዛኞቹ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። ነገሩን ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምተውታል እንጂ አያስታውሱትም። ስለዚህ ከሀ ጀመርን። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር፣ ዳግማይ ትንሣኤ። ሰው ገና ከፋሲካው ሳይወጣ አይኤስ የተባለው አሸባሪ ቡድን የግድያውን ቪዲዮ ለቀቀ። ከፊሎቹ በባሕር ዳርቻ፣ ከፊሎቹ በበረሃ፣ ክርስቲያን በመሆናቸው ተገደሉ። መንግሥት በማግሥቱ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን አረጋገጠ፣ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ሚያዝያ 14 መስቀል አደባባይ በሕዝብ ሞላ። ጨርቆስ ሰፈርማ የገዛ ልጆቿን በቪዲዮ ያወቀች ሰፈር ናት። ሐዘኑ ምን ያህል እንደነበር ከወላጆቻችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቲቸር፣ ስንት ናቸው?» ብለው ነው። መልሱ ቀላል አይደለም። ያኔ 28ም 30ም ተብሏል። ከመካከላቸው ኤርትራውያን እንደነበሩም ተዘግቧል። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሊቢያ ባለሥልጣናት ሲርት አካባቢ የ34 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ከጅምላ መቃብር መውጣቱን አስታወቁ። አንዱ ልጅ ይህን ሰምቶ «ቁጥራቸው ካላለቀ ስማቸውን ማን ይዞታል?» አለ። የዓመቱ ሥራ ከዚህች ጥያቄ ወጣ።

ሌሎች እንዴት እንደያዙት ለማየት መጀመሪያ ወደ ግብፆቹ ሄድን። ከኛዎቹ 2 ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 2007 ላይ፣ ያው ቡድን እዚያው ሊቢያ ውስጥ 21 ክርስቲያኖችን ገድሏል፤ 20ዎቹ ግብፃውያን ናቸው፣ አንዱ ጋናዊ። የኮፕት ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዳቸውን በስማቸው በሰማዕትነት መዝግባቸዋለች። አብዛኞቹ ከመጡበት አካባቢ፣ አል አውር በምትባል የሚንያ መንደር፣ በስማቸው ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ የግብፃውያኑ አስከሬንም በ2010 ዓ.ም. ከሊቢያ ተመልሶ እዚያ አርፏል። ልጆቹን የነካቸው ጋናዊው ነው። አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፤ ሥዕሉ ግን ከነሱ ጋር እኩል ተሥሏል። ማንም ባዕድ ነው ብሎ ወደ ዳር አልገፋውም።

ከዚያ ኬንያ። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. አልሸባብ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 148 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ያኔ የተነገረው ቁጥር 147 ነበር፣ የኬንያ ወጣቶችም «147 ቁጥር ብቻ አይደለም» ብለው የሟቾቹን ስምና ፎቶ እየለጠፉ እያንዳንዳቸው ማን እንደነበሩ መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ በጀትም አልነበራቸውም። የኛ ልጆች «ይሄንንማ እኛም እንችላለን» ያሉት ይሄኔ ነው።

ኒውዮርክንም አይተናል። የመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ጥቃት (ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 የሚሉት) መታሰቢያ ላይ 2,983 ስሞች በነሐስ ላይ ተቀርጸዋል፤ የተደረደሩት በፊደል ተራ አይደለም። ቤተሰቦች «የኔን ከጓደኛው ጎን አድርጉልኝ» ብለው ጠይቀው፣ አብረው የሠሩት፣ የሚዋደዱት ጎን ለጎን ሆነዋል። የልደት ቀኑ የደረሰ ሰው ስሙ ላይ ነጭ ጽጌረዳ ይደረግለታል። የአብዛኞቹ የሞቱበት ቀን አንድ ነው። ልደታቸው ግን የየራሳቸው ነው፣ እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የወደድኩት።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመለስ ገና ሳንጀምር አንድ ሕግ አወጣን። ቪዲዮውን አናይም፤ ከቪዲዮው የተወሰደ ፎቶም አንለጥፍም። ያ ምስል የገዳዮቹ ነው። ልብሱን ያለበሱት፣ አሰላለፉን የመረጡት፣ ካሜራውን የደገኑት እነሱ ናቸው። በየዓመቱ ለመታሰቢያ ተብሎ ያንኑ ፎቶ ማውጣት ገዳዮቹ የፈለጉትን እንደ መጨረስ ነው የምቆጥረው። እነዚህ ልጆች ከዚያች ቀን በፊት ሙሉ ሕይወት ነበራቸው።

ሕይወት መጻፍ ግን ይከብዳል። ለልምምድ እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ስላለ፣ በሕይወት ስላለ አንድ ሰው አንድ ገጽ እንዲጽፍ አደረግን። የመጀመሪያው ዙር ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ፦ ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ። ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ እኮ እንደዚሁ ነው፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ፣ አረፈ፣ ሰውየው ግን የለም። በሁለተኛው ዙር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አጎቷ እንዲህ ጻፈች፦ «ስልክ ሲያወራ ይቆማል፣ ቁጭ ብሎ አውርቶ አያውቅም። ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምሮ አያማስለውም፣ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ይበላዋል።» ሰውየውን አላውቀውም፣ መንገድ ላይ ባገኘው ግን የምለየው ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ነው ልጁን በሊቢያ ወዳጣ አንድ ቤተሰብ የሄድነው። አስቀድመን አስፈቅደን፣ ጥቂት ልጆች ብቻ ይዘን። ልጆቹ ስለ አሟሟቱ አንድም ነገር አልጠየቁም። ምን ይበላ ነበር፣ ማንን ይደግፍ ነበር፣ ሲናደድ ምን ይል ነበር፣ ከማን ጋር ይጣላ ነበር። እናቱ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆይተው ግን አወሩ፣ ሳቁም። ያሉትን እዚህ አልጽፍም፤ አደራ ነው። በክበቡ ደብተር ተጽፏል፣ ደብተሩም የሚገለጠው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው።

«ለምን ሄዱ?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ሰዎች ሰምተናል። በመተማ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በሰሃራ ወደ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር ለመሻገር። እንጀራ ፍለጋ ነው የሄዱት። በዚያው ሰሞን ከሊቢያ የተነሳች ጀልባ ሜዲትራኒያን ላይ ተገልብጣ ከ800 በላይ ሰው አልቋል፤ መንገዱ እንዲህ ነበር። ግን የገደላቸው መንገዱ አይደለም፣ ሰው ነው። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ልጆቻችን ሳይምታታባቸው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ዘንድሮ ሚያዝያ 11 ቅዳም ሥዑር ላይ ስለዋለ ዝግጅቱን ከፋሲካ በኋላ በአዳራሹ አደረግን። ንግግር አላበዛንም። ተማሪዎች ከጻፏቸው ገጾች ቤተሰብ የፈቀደውን አነበቡ። ካነበቡት መካከል ሙስሊም ልጆች ነበሩ፤ ያኔም የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ድርጊቱን ወዲያው ነው ያወገዘው። አዳራሹን ለሰጡን ርዕሰ መምህራችንና ወንበር ለተሸከሙት የስፖርት ክበብ ልጆች ምስጋናዬ የልብ ነው።

በ2018 ዓ.ም. ሥራው ይቀጥላል። ደብተሩ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው። 12ኛ ክፍል የሚገቡት አባላት ለፈተና ስለሚዘጋጁ አዲስ ጸሐፊና ፎቶ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልገናል፤ ፎቶ ስል ሠርግ ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰፈር ውስጥ የተነሱትን ነው። ከሟቾቹ አንዱን የሚያውቅ ወላጅ፣ ጎረቤት ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛ ካለ ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እንገኛለን። መጥቶ ማውራት የማይፈልግ ጽፎ በልጁ ቢልክልን ይበቃል።