ክሩ ከምን እንደተሠራ ይጻፍልን
(ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የሀገር ባህል ልብስ እየነደፍኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። ጨርቄን እንደ ብዙዎቻችን ከሽሮ ሜዳ ነው የምገዛው። ብድር ወይም የማምረቻ ሼድ ልጠይቃችሁ አይደለም። የምፈልገው በክርና በጨርቅ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው።

ገበያው ላይ ያለ ጨርቅ ሁሉ ስም አለው፤ መነን፣ ሳባ፣ ፈትል። ከምን እንደተሠራ ግን የምናውቀው ከሻጩ አፍ ብቻ ነው። «ንጹህ ጥጥ ነው» ብሎ ይምላል። ብዙ ጊዜ እሱም አይዋሽም፤ ክሩን ያመጣው ነጋዴ የነገረውን ነው የሚደግመው።

ስለዚህ በክብሪት እንፈትናለን። ከጠርዙ ክር መዘዝ አድርጎ መለኮስ ነው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ሲነካ ይበናል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ ድርቅ ያለ እንክብል ይሆናል። ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ማቃጠል ያስፈልጋል። ጥለቱ ለብቻው ጣጣ ነው። ቅልቅል ክር ሲመጣማ ክብሪቱም ግራ ይጋባል።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ልብስ የክሩን ዓይነት ከነመቶኛው መለያው ላይ እንዲጽፍ ሕጉ ያስገድዳል። እዚያ ልሽጥ ብል እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? «ክብሪቱ እንደመሰከረው»? እውነተኛ ጥጥ የሚሸምነው ሰውም፣ በጥጥ ስም ከሚሸጥ ርካሽ ክር ጋር በዋጋ ተወዳድሮ መሸነፉ አይቀርም።

ከዚህ የሚከብደው ማን ሸመነው የሚለው ነው። ከጋሞ ደጋ «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ተብለው መጥተው መሸመኛ ላይ የሚቀመጡ ልጆች እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴርም የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ውጤት የሕፃናትና የግዳጅ ጉልበት ካለባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በግዳጅ ጉልበት የተመረተን ዕቃ ከገበያው የሚያግደውን ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ ያውላል። ጎልማሳው ሸማኔ፣ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ የሚሠራው፣ በሌላው ጥፋት አብሮ ሊመታ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ስለዚህ ሕጉ አለ፤ የጎደለን የጨርቁን ምንጭ መከታተያ ነው።

እባካችሁ ከሸማኔው አትጀምሩ። ከክር አስመጪዎችና ከፈትል ፋብሪካዎች ጀምሩ፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ አድራሻቸውም ይታወቃል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የክሩን ዓይነትና መቶኛ ይጻፉ። ቀጥሎ የሽመና ማኅበራት የራሳቸው መለያ ቁጥር ይኑራቸውና ጨርቃቸው ላይ ያኑሩት። ቁጥሩን የሚሰጠው አካልም ቦታው ድረስ ሄዶ ማን እንደሚሠራ ይይ። ምዝገባው ግን የግብር ወጥመድ እንዳይሆን። ከሆነ ሸማኔው ዝር አይልም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ረቂቅ አዘጋጅታችሁ ውይይት ስትጠሩ ስብሰባው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባይሆን ደስ ይለኛል። ሽሮ ሜዳ ኑ፤ ሸማኔውም ነጋዴውም እዚያው አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባህል ልብስ ነዳፊ