የእናቴ በርጩማ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ስለ ዘጋን በወረቀት መጻፉን መረጥሁ። እርስዎም በምድር ባቡር ሳሉ ለጥገና አዋሽ በከረሙ ቁጥር ለእናቴ ይጽፉላት የነበሩትን ደብዳቤዎች እርሷ በሻንጣ ሥር አጣጥፋ እንዳኖረቻቸው አውቃለሁና፣ ይህን ልማድ ከቤታችን የወሰድሁት ነው ብለው ይቁጠሩልኝ።

በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ መጥቼ ሳለ የተናገርሁት ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከቁልቢ በተመለስን ማግሥት ጠዋት፣ የአጥር ጎረቤትዎ የመምህርቷ ትንሹ ልጅ በእናቴ የቡና በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በእርሷ ስኒ ወተት ሲጠጣ አገኘሁት። «ይህ ቤት ሰው የሞተበት አይመስልም» አልሁ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ማጥፋቱን ከድምፄ ተረድቶ፣ ስኒውን ረከቦቱ ላይ ቀስ ብሎ አኑሮ ወጣ። እርስዎ አንድም ቃል አልመለሱልኝም፤ ስኒውን አንሥተው አጠቡት፣ በፎጣ አደረቁት፣ ከአምስቱ ጓደኞቹ ጋር መልሰው ደረደሩት። ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳለፉትን ጊዜ የማውቀው በስልክ በነገሩኝ መጠን ብቻ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ በስልክ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ነው የሚሉት። ከአርባው ወዲህ መስኮት እንዳልከፈቱ፣ ከዳቦ ቤት በሚገዙት ዳቦና በሻይ ብቻ እንደ ከረሙ፣ የግቢው ቅጠል ሳይጠረግ ከጉልበት እንደ ደረሰ የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። ያንኑ ሰሞን መምህርቷ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከደሴ ተዛውራ መጣች። ፍቺዋን በፍርድ ቤት ጨርሳ፣ ልጆቹን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት መሆኗንና የደሴ ብርድ የለመዱት ልጆች በግንቦት ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሱ ሲያድሩ ልቅሷቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማዎት እንደ ነበረም እነርሱው አጫወቱኝ። አንድ ምሽት በራቸውን አንኳኩተው፣ የሽቦ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥተው፣ ሲሚንቶውን በውኃ አርሰው፣ አጎበሩን ከዛፉ ላይ ሰቅለው፣ የድሬዳዋ ሰው በበጋ እንዴት እንደሚተኛ ያሳዩዋቸው እርስዎ ነበሩ። እንግዲህ እንዲያ ነው የተጀመረው፤ ከዚያ በላይ ማንም የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሆኖም አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛና በእነርሱ ግቢ መካከል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ያለችው ጠባብ በር ከልጅነቴ ጀምሮ በሚስማር እንደ ተመታች ነበር የማውቃት። በታኅሣሥ ግን ክፍት ሆና አገኘኋት፤ የተነቀሉትም ሚስማሮች አንድ በአንድ በመዶሻ ተቃንተው፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተቀምጠዋል። የባቡር ሰው ሚስማር እንደማይጥል ያውቃሉ። እኔ ግን ጣሳውን ይዤ ቆሜ፣ አባቴ በሩን መልሶ ሊዘጋው ያስብ ይሆን ወይስ ልማድ ሆኖበት ነው የሰበሰበው እያልሁ ብዙ አሰላሰልሁ።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ስለ በርጩማው ሳስብ ትዝ ያለኝ የ1998ቱ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ዝናቡ በከፍታው አገር ዘንቦ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት ሞልቶ ቤቱን ከነነዋሪው ሲጠርግ፣ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ሌሊት ነበር። በማግሥቱ እናቴ ከወንዙ ዳር ሦስት የማታውቃቸውን ልጆች ይዛ መጣች። እኔ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከሦስቱ ትንሿን በዚያው በርጩማ ላይ አስቀምጣ ጭቃውን ከፀጉሯ ስታጥብ አይቼ «የእኔ ነው!» ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «በርጩማ ለመቀመጫ ነው» አለችኝ፤ ልጆቹም አጎታቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ወር ያህል ከእኛ ጋር ኖሩ። እርስዎ ይህን ይረሱታል ብዬ አላስብም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። በታኅሣሥ ያን ልጅ ያስነሣሁት በእናቴ ስም ነበር፤ እናቴ ግን ብትኖር የምታስነሣው እኔን ነበር።

አክስቴ የምትለውንም ሰምቻለሁ። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ትላለች፤ መምህርቷንም «መጤ» ትላታለች። አክስቴን እወዳታለሁ፣ ነገር ግን ይህን ቃል በድሬዳዋ መናገር አያምርባትም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት በሜዳው ባይቀር ኖሮ፣ በ1895 ከተማው ባልተቆረቆረ ነበር፤ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም ዐረቡም ከየደጋው የወረደው ሐበሻም ሁሉ በዚያው ሐዲድ ምክንያት ተሰብስቦ ነው ከተማ ያደረገው። እርስዎም ራስዎ ከናዝሬት አንድ ሻንጣ ይዘው የመጡ ሠራተኛ ነበሩ፤ ለእናቴም ቤተሰቦች ሽማግሌ ሲልኩ «አገሩ የት ነው?» ተብለው መመለስዎን እርስዎው እየሳቁ ነግረውናል።

ስለ ቤቱ የተነሣውን ነገር በአጭሩ ላንሣ፣ ምክንያቱም ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰነዋል። የእናቴ ድርሻ ለእኔና ለእርሱ የሚተላለፍ ነው፤ የእርስዎም ድርሻ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ ከመምህርቷ ጋር ከሚፈጽሙት ጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት ስለ ሆነ የግልዎ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያሳስብ ነገር ካለ ደግሞ ከጋብቻው በፊት ውል መጻፍ ይቻላል። ሁለታችንም በዚህ ምክንያት አንድም ቀን እንዲዘገዩ አንፈልግም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው፤ መምህርቷን በይፋ ይጠይቋት። በአጥሩ በር በምሽት የሚገባና የሚወጣ ሰው ሆነው ጎረቤት እንዲያማዎት አልፈልግም፤ እርሷም በየቀኑ ተማሪ ፊት የምትቆም ሴት ናትና ይህ ይከብዳታል። እሺ ካለችዎ፣ ጾሙ አልፎ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወንድሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ደሴ ወደ ቤተሰቦቿ ይሄዳል። ጎልማሳ ልጅ ለአባቱ ሽማግሌ ሲልክ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። እናቴን በሚመለከት ግን አንድ ነገር አስቸግርዎታለሁ፤ ፎቶዋን ከሳሎኑ እንዳያነሡት። ይህን ለመጻፍ ስቸገር ሰንብቼ፣ ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ደውላ፣ እርስዎ ፎቶውን ወደ መኝታ ቤት ሊያዛውሩ ሲሉ «እባክዎ በቦታቸው ይቆዩ» ብላ የከለከለችዎ መምህርቷ ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። ለካ እኔ ልለምን የተዘጋጀሁትን እርሷ ቀድማ አድርጋዋለች።

ልጆቹ «አባባ» ይበሉዎት ወይም አይበሉዎት እኔ የምወስነው አይደለም፤ ትልቋ አባቷን የምታስታውስ ስለ ሆነች አያስቸኩሏት። ትንሹን ግን እኔ ራሴ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው አደራ መስጠት አይቻልም። ለፋሲካ እመጣለሁ። ከመርካቶ እንደ እናቴ ስኒዎች ያለ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ሁለት ስኒዎች አግኝቼ ገዝቻለሁ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ በእጅ ሻንጣዬ እይዛቸዋለሁ። ጫማም ልገዛለት አስቤ ቁጥሩን አላውቅም፤ ሲተኛ እግሩን በክር ለክተው ርዝመቱን በስልክ ይንገሩኝ፤ ለእርሱ ግን እንዳይነግሩት።

አክባሪ ልጅዎ