ለልጄ ክርስትና እናት

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻለው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በይኝ። ቁጣሽን በአካል እስክንገናኝ አቆዪልኝ፤ ስትቆጪ ማየትም ናፍቆኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ክርስትና ልጅሽ ነው። ፍልሰታን ባሕር ዳር፣ አንቺ ዘንድ ማሳለፍ ትፈልጋለች። ከመምጣቷ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በስልክ ልነግርሽ ብዬ ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ልጅቷ ታማለች። አትደንግጪ፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ትምህርቷም ደህና ነው። በሽታው ኦሲዲ ይባላል። የሚያስፈራ ሐሳብ ሳትፈልገው እየመጣ ያስጨንቃታል፤ ያንን ለማብረድ አንድን ነገር ትደጋግማለች። እጇን ቆዳው እስኪሰነጣጠቅ ትታጠባለች። ማታ መቀርቀሪያውን ነክታ ከተኛች በኋላ እንደገና ትነሣለች። ከሁሉ የባሰው ግን ጾም ነው። ወተት ሲፈላ ካየች እንፋሎቱ አፌ ገብቶ ይሆን ብላ ታለቅሳለች። «እማዬ፣ ገደፍሁ?» ትለኛለች። «አልገደፍሽም» ስላት ፊቷ ይፈታል፤ አፍታ ሳይቆይ ደግሞ ትጠይቀኛለች።

ጎረቤቱ ቡዳ ነው አለ፤ ሌላው ቅብጠት ነው አለ። እናቴ ጠበል ትወስዳታለች፤ እሱም ይቀጥላል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በሽታው በአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌ አለው፤ ብዙ ጊዜም 10 ዓመት ገደማ ወይም በጉርምስና ማብቂያ ላይ ይጀምራል። ዋናው ሕክምና የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ እየተጋፈጡ ያን የሚደጋገም ድርጊት ሳይፈጽሙ መቆየት ነው። ፍርሃቱ ካልታዘዙለት መጀመሪያ ይንራል፣ ኋላ ግን በራሱ ይወርዳል። ይህ ካልበቃ እንደ ፍሎክሰቲን ያለ መድኃኒት ይጨመራል፤ የእሱም ለውጥ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰው እንባ አይተሽ ማለፍ አታውቂበትም። «አይዞሽ የኔ ዓለም፣ አልገደፍሽም፣ በእኔ ይሁንብሽ» እንደምትያት ከወዲሁ ይሰማኛል። በሽታውን የሚቀልበው ይኸው መልስ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋትና ቀጣዩን ጥያቄ ያመጣባታል። እሷ ራሷ ጭንቀቱን «ነዝናዛው» ብላ ስም አውጥታለታለች። ስለዚህ ስትጠይቅሽ «ይህ የነዝናዛው ጥያቄ ነው፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ትችይዋለሽ» በያትና ወደ ያዛችሁት ሥራ ተመለሱ። ቡና አስቆዪያት፣ ሽንኩርት አስከትፊያት። እቀፊያት፣ ሳሚያት፤ መልሱን ብቻ ንፈጊያት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ቀላል አይደለም። ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠብቀኝ፣ ያችን አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ይዤ መቀመጥ አንጀቴን ይቆርጠዋል። አንዳንድ ቀን ወደ ጓሮ ወጥቼ አልቅሼ እመለሳለሁ። ይህን ለአባቷ እንኳ አልነገርሁትም።

ደግሞ አትቸኩይ። ከእሷ ጋር ተስማምተን ፍርሃቶቿን ከ0 እስከ 10 ደረጃ ሰጥተን ጽፈናል፤ የምንጀምረው ከዝቅተኛው ነው። በሩ 3 ነው፣ ወተት ያለበት ድስት አጠገብ መቆም 6፣ ጾሙ 9። ሳሙና መደበቅ፣ በድንገት ማስገደድ፣ መሳቅ፣ መቆጣት አይሆንም። ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቷ የንስሐ አባታችን አነጋግረዋታል፤ «ጸሎትሽ አንዴ ከደረሰ ደርሷል፣ አትድገሚው» ብለዋታል። በዚህ ጉዳይ አንቺ ዳኛ አትሁኚ።

ባለፈው እሑድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንጀራው ከምጣድ እንደወጣ እጇን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥባ ቀርባ በላች! እየሳቀች፣ ሽሮው አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። እልል ልል ነበር፣ እንዳትሳቀቅ ብዬ ዋጥሁት። ለአንቺ ግን እዚህ ላይ እልል ብያለሁ።

መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ። የሚከብድሽ ከሆነ ሳትሳቀቂ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። እሺ ካልሽ ዝርዝሩን በእጇ እሰድልሻለሁ፤ ሌሊት በሩን ልታይ ብትነሣ ግን አብረሻት አትነሺ።

ያንቺው እህት፣
ከደብረ ማርቆስ