ኦፕራሲዮን እምቢ ያለ ታካሚ ሕክምና እምቢ አላለም

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ለሕክምና አገልግሎት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ክንዷ ተሰብሮ ወደ ሆስፒታላችሁ ያመጣናትን እናቴን ይመለከታል

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሳቢያን ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ላይ አንሸራቷት በግራ ጎኗ ወደቀች። በባጃጅ ይዘናት ወደ እናንተ መጣን። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ነርስ መመስገን አለባት። ማስታገሻ ሰጠቻት፣ ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ አደረገች፣ የትከሻዋን ጎን ነካ እያደረገች «እማማ፣ እዚህ ጋ ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። ነርቭ ተጎድቶ እንደሆነ እያየች እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ራጅ ተነሳች። የክንዷ አጥንት ከትከሻዋ ሥር ተሰብሯል ተባልን። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአጥንት ስፔሻሊስቱ ራጁን አዩና «ብረት ይገባል፤ ካሸር ሄዳችሁ ዲፖዚት አስይዙ» አሉን። ሌላ አማራጭ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «አጥንቱ ቦታውን ለቋል፤ እጇ እንዲቀር ከፈለጋችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው» አሉኝ። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ማደንዘዣው ምን ስጋት እንዳለው፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ምን እንደሚሆን፣ ብረቱ ቢላቀቅ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልግ የነገረን የለም። እሷንም ቀና ብሎ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላት የለም። ክንዱ የእሷ ነው።

«እናስብበት» አልን። ይቺን ቃል እንደተናገርን የሁሉም ፊት ተለወጠ። አንድ ቅጽ መጣ፣ ፈርሙ ተባልን። ቅጹ ላይ የተጻፈው «ታካሚዋ ሕክምና አልቀበልም ብላ ወጥታለች» የሚል ነው። ክንዷን በጨርቅ ማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አሰሩላትና «ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኙን። በቃ። ወረቀት የለ፣ ምክር የለ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የለ።

እናቴ ሕክምና አልቀበልም አላለችም። ኦፕራሲዮን ላስብበት ነው ያለችው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚደርሰው የዚህ ዓይነት ስብራት አብዛኛው ያለ ኦፕራሲዮን እንደሚታከም ስፔሻሊስቱ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። «ቦታውን ለቋል» የተባለውም ቢሆን ጥናት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በ32 ሆስፒታሎች 250 ታካሚዎችን ወስዶ ግማሹን ኦፕራሲዮን አደረገ፤ ግማሹን በማንጠልጠያና በፊዚዮቴራፒ አከመ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ በሁለቱ ወገን ታካሚዎች የትከሻ አጠቃቀም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ኦፕራሲዮን ለማንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። የትከሻው ራስ ከቦታው ከወለቀ፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወይም የደም ሥር ከተጎዳ ነገሩ ሌላ ነው። እናቴ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረባትም፤ ራጇን ያየ ሌላ ሐኪም ይህንኑ ነግሮናል።

ልብ በሉ፣ በዚያ ጥናት ኦፕራሲዮን ያልተደረጉትም ታክመዋል። ክንዱን አስሮ ወደ ቤት መስደድ ግን ሕክምና አይባልም። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጀርባዋን በትራስ ደግፋ፣ ቀና ብላ መተኛት እንዳለባት አልተነገረንም። ጣቷን፣ አንጓዋንና ክርኗን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ነበረባት። ሕመሙ ረገብ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጎንበስ ብላ ክንዷን ቁልቁል ለቅቃ በዝግታ ማወዛወዝ መጀመር ነበረባት። በዚህ በድሬ ሙቀት ብብቷ እንዳይላጥ እንዴት እንደምናጥባት እንኳ አናውቅም ነበር። ጥቁር ሰማያዊው በለዝ ወርዶ ክርኗ ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ለካ የተለመደ ነገር ነው። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ቢነግረን ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ጎረቤት መጣ። «ጀሶ እንኳን አላደረጉላትም? ወጌሻ አምጡ!» አለ። ለምን አይልም? ሐኪም ዝም ካለ ወጌሻ ይናገራል። ክንዷን እንዳያሹት ስለፈራሁ ወጌሻ ይምጣ ያሉትን ተከራክሬ መለስኳቸው፤ በዚሁ የተነሳ ከአክስቴ ጋር እስከ ዛሬ ተኮራርፈናል።

እናቴ «አትንኩት» የተባለች መስሏት ክንዷን ከደረቷ ሳታላቅቅ ከረመች። ቀጠሯችን ደርሶ ስንመለስ አጥንቱ ገጥሟል፤ ትከሻዋ ግን ደርቋል። ስፔሻሊስቱ «ብያችሁ ነበር» አሉን። ጭራሽ! ኦፕራሲዮን የተደረገ ትከሻም ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። ፊዚዮቴራፒ ያገኘነው ሌላ ቦታ፣ በራሳችን ጥያቄ ነው። አሁን ጀበና ታነሳለች። ሻሿን ግን ራሷ ማሰር አልቻለችም፤ እህቴ ናት የምታስርላት።

ሌላም አለ። በዚህ ዕድሜ ከቁመት ወድቆ አጥንት መሰበር የአጥንት መሳሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዳሌ ሊሆን ይችላል። ስለ አጥንቷ ጥንካሬ፣ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የጠየቃት አልነበረም። የምትወስደው የግፊት መድኃኒት ያዞራት እንደሆነ፣ ዓይኗ በደንብ ያይ እንደሆነም እንዲሁ።

የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ፣ ካርዷ ላይ የሰፈረው «ሕክምና አልቀበልም ብላለች» የሚለው ይታረም። ነገ ሌላ ሐኪም ያንን አንብቦ እንደ አስቸጋሪ ታካሚ እንዲያያት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ የራጇ ኮፒ ይሰጠን። ካርድ ክፍል «አይወጣም» ብሎ መልሶናል፤ ከፍለን ያስነሳነው ራጅ ለምን እንደማይወጣ አልገባኝም። ስፔሻሊስቱ አማራጩን ለምን እንዳልነገሩንም በጽሑፍ ማብራሪያ እፈልጋለሁ።

ከዚህ በተጨማሪ ማንጠልጠያ አስራችሁ የምትሸኙት ሰው ሁሉ አንዲት ገጽ ወረቀት ይሰጠው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ከሥዕል ጋር። ማንበብ የማይችል እናት ስለሚበዛ ሥዕሉ ይበልጣል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሌላችሁም የት እንደሚገኝ ንገሩ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለጤና ቢሮ አስገባለሁ። የካርድ ቁጥሯንና የፈረምንበትን ቅጽ ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ልጅ
(ስምና ፊርማ አለው)