ለለጋሽ አገራት የልማት ትብብር ሚኒስትሮች፦ የእርሻ ምርምሩን ገንዘብ አትንኩት

ክቡራን ሚኒስትሮች፣

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የውጭ እርዳታ ነው። ሕዝባችሁ «ገንዘባችን ለሰው አገር ገበሬ ለምን?» ይላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ መልሱ በእጃችሁ እያለ አለመናገራችሁ ነው።

ዋግ የመታው ስንዴ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? አገዳውን በጣት ስታሹት የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያ ዱቄት የበሽታው ዘር ነው፤ ነፋስ ካነሳው አገር ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘው ዩጂ99 የሚባለው የግንድ ዋግ ኬንያን፣ ኢትዮጵያን፣ የመንን እያለ ኢራን ደረሰ። ያኔ በዓለም ላይ ይዘራ የነበረው አብዛኛው ስንዴ አይቋቋመውም ነበር፣ የእናንተም ጭምር። ታዲያ የት ተፈተነ? ኬንያ፣ ንጆሮ በሚገኝ የምርምር ማሳ ላይ፣ በእርዳታ ገንዘብ። የአሜሪካም የአውስትራሊያም ስንዴ በሽታው አገራቸው ሳይገባ እዚያ ተዘርቶ የትኛው እንደሚቋቋም ታየ። ይሄ ምጽዋት ነው? የራሳችሁን ማሳ መጠበቅ ነው እንጂ።

ደቡብ ኮሪያንም አስቡ። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የአሜሪካ እህል ሲራገፍላት የነበረች አገር እ.ኤ.አ. በ2010 ከለጋሾቹ አገራት ማኅበር ገባች፤ ዛሬ ከአሜሪካ የእርሻ ምርት ዋና ገዢዎች አንዷ ነች።

እርዳታ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፣ ይሄንንም ሳልደብቅ ልናገር። ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ ገበያ ሊያወጣ ሲል የእናንተ ትርፍ እህል በመርከብ ከመጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ለከርሞስ ምን ብሎ ይዘራል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣችው የእህል እርዳታ ሕግ የተረፈ ምርት ገበያ መፈለጊያም ነበር። በድርቅና በጦርነት ጊዜ እህል ነፍስ ያድናል፣ ይላክ። ሲቻል ግን ከዚያው ከጎረቤት ገበያ ይገዛ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። መቁረጥ ካለባችሁ የዘር ምርምሩንና የበሽታ ቅኝቱን ተዉት። አንድ የስንዴ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሁለት ዓመት ተዘግቶ የከረመ ጣቢያ በሦስተኛው ዓመት ገንዘብ መጣ ብሎ ካቆመበት አይቀጥልም፦ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይዟል፣ ማቀዝቀዣው የጠፋበት ዘርም የመብቀል ኃይሉ ይደክማል።

ከአክብሮት ጋር