ለቅዳሜው ልምምድ፦ የጣና ዙሪያን የመሬት ሽፋን ካርታ እንደገና መመደብ

ሰላም የጂአይኤስ ጥናት ቡድን አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኮምፒውተር ክፍላችን ተገናኝተን የጣና ዙሪያን የመሬት ሽፋን ካርታ በኮድ እንደገና እንመድባለን። ከዚያ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለብን።

የምንጠቀመው የአውሮፓ ኅዋ ኤጀንሲ ያዘጋጀውን የ2021 ወርልድከቨር የተባለውን የዓለም የመሬት ሽፋን ካርታ ነው፤ የፒክሴሉ (ካርታው የተሠራበት ትንሹ ካሬ) ጎን 10 ሜትር፣ ምድቦቹ 11 ናቸው። ዛፍ 10፣ እርሻ 40፣ ውሃ 80፣ ረግረግ 90 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የሳተላይት መረጃን በኢንተርኔት በሚያሰላው በጉግል ኧርዝ ኤንጂን፣ አንዱን ቁጥር በሌላ በሚተካው «ሪማፕ» ፈንክሽን ወደ ጥቂት ምድቦች እንሰበስባቸዋለን። ጥያቄው ረግረጉ ከውሃ ጋር ይዋሃድ ወይስ ለብቻው ይቁም ነው። እኔ ለብቻው ይቁም እላለሁ። የጣና ዳር ደንገል ውሃ ተብሎ ከተመደበ፣ ልናየው የምንፈልገው ነገር ራሱ ከካርታው ይጠፋል።

ኮዱን ስትጽፉ ከዝርዝሩ የሚቀር ቁጥር እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ነባሪ ዋጋ (ከዝርዝሩ ለቀሩት የሚሰጥ ቁጥር) ካልሰጣችሁት ፒክሴሉ ይሸፈናል፣ ማለትም መረጃ እንደሌለው ተቆጥሮ ይቀራል፣ የስፋት ስሌቱም ይጎድላል። ውጤቱን እንደ አሴት (በኧርዝ ኤንጂን የሚቀመጥ ፋይል) ስታስቀምጡ ደግሞ የፒራሚድ ምርጫውን፣ ማለትም ካርታው ከርቀት ሲታይ ፒክሴሎች የሚጠቃለሉበትን መንገድ፣ «ሞድ» (በብዛት የተደጋገመው ቁጥር) አድርጉት፤ ካልነካችሁት አማካይ ይወስዳል። በዋናው ቁጥር ብናየው የእርሻና የውሃ አማካይ 60 ነው፣ 60 ደግሞ የገላጣ መሬት ቁጥር ነው! የምድብ ቁጥር ስም እንጂ መጠን ስላልሆነ አማካይ አይወሰድለትም።

ላፕቶፕና ቻርጀር ይዛችሁ ኑ። የኧርዝ ኤንጂን አካውንት የሌላችሁ ከወዲሁ ክፈቱ።

መምጣት አለመምጣታችሁን፣ እንዲሁም «ለብቻው» ወይም «ይዋሃድ» ብላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።