ሐውልቱ «ትግላችን» እንጂ «ትግላቸው» አይባልም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የውጭ ድጋፍ የተራዘመ ጦርነትን ውጤት ይለውጥ እንደሆነ የጠየቀውን ዘገባችሁን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ በወረቀት። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ደንበኛ «እስቲ ይቺን አትምልኝ» ብሎ ያመጣው የናንተው ጽሑፍ ሆኖ አረፈው። ስህተታችሁን በገዛ ቀለሜ አትሜ ሸጥኩላችሁ ማለት ነው።

ስለ ዩክሬን የጻፋችሁትን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ናት። «የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት፣ አዲስ አበባ» ትላለች። ፎቶው ደግሞ የትግላችን ሐውልት ነው። ያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው። ከሱቄ ወጥቼ አንገቴን ቀና ሳደርግ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ይታየኛል። እንዴ! ስሙ እኮ «ትግላችን» ነው። «ትግላቸው» አይልም።

ለመሆኑ ገብታችሁ አይታችሁታል? የኩባ ሰማዕታት ፎቶግራፍ እዚያ አለ፣ እውነት ነው። ይገባቸዋልም። ግን ሐውልቱ የቆመው በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁት ለሁለቱም አገር ልጆች ነው። ቅርጻ ቅርጹን የሰጡን ደግሞ ሰሜን ኮሪያዎች ናቸው። በናንተ ስሌት ከሄድን የቀረልን መሬቱ ብቻ ነው። (በ1977 ሲመረቅ አገሩ ረሃብ ላይ እንደነበር ለዛሬ ልለፈው።)

በጽሑፉ ውስጥም ያው ነገር አለ። ኩባና ሶቪየት ኅብረት ገብተው ጦርነቱን «አሸነፉላት» ይላል፣ ለኢትዮጵያ። እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠር። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን የገባው ሐምሌ 1969 ነው። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋን ሊይዝ ሞክሮ ተመታ። መስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። ከዚያ የካራማራን ተራራ አልፎ ወደ ሐረር ገሰገሰ። የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ በገፍ ማራገፍ የጀመሩት ኅዳር ውስጥ ነው። የኩባ ወታደሮች ከ15,000 በላይ የሆኑትም ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ድሬዳዋንና ሐረርን ማን ያዛቸው? መልአክ?

ሰማዩንስ? የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች ያራገፉት የኛ አብራሪዎች ናቸው፣ በኤፍ-5። ኤፍ-5 የማን ነው? የአሜሪካ። ያውም የተዋጋንበት እሷ ፊቷን ካዞረችብን በኋላ። ሚጉስ? የሶቪየት። ያንን የሶማሊያ ጦር ለዓመታት ያስታጠቁትና ያሰለጠኑት ሶቪየቶች እኮ ናቸው። ዚያድ ባሬ ያባረራቸው ኅዳር 1970 ላይ ነው። የውጭ ድጋፍ ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ ዚያድ ባሬ ያኔውኑ ሐረር ገብቶ ቡናውን በጠጣ ነበር።

ድጋፉ ለውጥ አላመጣም እያልኩ አይደለም። አምጥቷል። ካራማራን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ ዙሪያውን ሄደው፣ ከፊሉን ጦርና መሣሪያ በሶቪየት ሄሊኮፕተር ተራራውን አሻግረው ነው ከኋላ የገቡት። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። የኩባ ታንከኞች ባይኖሩ ያ ቀን በዚያ ወር አይመጣም ነበር። ይህንን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። የበላሁበትን ወጭት አልሰብርም ብዬ ነው። የበላሁት ምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አባቴ ሚሊሻ ነበር። የሰላሌ ገበሬ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ከሰለጠነው፣ 300,000 ከሚባለው ሠራዊት አንዱ። ያለን ፎቶ አንድ ነው። ካኪው ሰፍቶበት እጅጌው ሁለቴ ታጥፏል። ቀበቶው ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ጫማው አይታይም፤ ፎቶ አንሺው ከጉልበቱ በላይ ነው የቆረጠው። ሰኔ 1969 ሚሊሻው አብዮት አደባባይ ላይ ሰልፍ ሲያሳይ እናቴ ከፍቼ ድረስ መጥታለች፣ እሱን ልታይ። ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ፣ አንድ ዓይነት ሲረግጥ ተመሳሰለባት። አንዱን «እሱ ነው» ብላ እጇን አውለበለበችለት። እሱ ይሁን ሌላ እስክትሞት አላወቀችም።

ካራማራን አላየም። ታኅሣሥ ላይ ሐረር ዙሪያ ቀረ። በናንተ ዘገባ ገና ጦርነቱ ባልተጀመረበት ወር መሆኑ ነው። እናቴ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ጠላ እየሸጠች አሳደገችን። ከዓመታት በኋላ ስለ ጡረታው ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጣ «የአባትዎ ስም እዚህ የለም» አለችኝ። «ሌላ መዝገብ ካለ ነገ ይምጡ» አለችኝ። ነገውን ሄድኩ። ሌላ መዝገብ የለም። እሺ፣ መዝገቡ ረሳው። አሁን ደግሞ ጋዜጣው ረሳው።

የበላሁትን ልንገራችሁ። ሩዝና ጥቁር ባቄላ። በ1971፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የዘማች ልጅ ተብዬ ከአሰብ በመርከብ ወደ ኩባ ተላክሁ። ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት። እኛ «ኢስላ» ነው የምንላት። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የቶሮንሃ እርሻ። ቶሮንሃ ያ ትልቁ መራራው ፍሬ ነው፤ ዛሬም ሽታው ሲመጣብኝ መዳፌ ያሳክከኛል። ያስተማሩን፣ ሲያመን ያደሩልን፣ እንጀራ ናፍቆን ስናለቅስ ግራ ገብቷቸው አይስክሬም የሰጡን ኩባዎች ናቸው። እንደ እኔ ያደጉ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ዛሬ እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። ሁለት ሙሉ ገጽ ስለ ኩባ ድጋፍ ስትጽፉ ታንክ ቆጠራችሁ፣ ወታደር ቆጠራችሁ። እኛን አንድ ሰው እንኳ «እነዚያ ልጆችስ?» አላለም። ስለዚህ ኩባን ይጠላል እንዳትሉኝ። ስወድ በስፓኒሽ ነው የምወደው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ጸሐፊያችሁ ይህንኑ የሶማሊያ ጦርነት፣ ኦጋዴንን፣ አንስቶ «ይለውጣል» ብሎ ዘጋው። አሥር ዓመት ወደፊት ቢራመድ ምን ነበረበት? ያው ሶቪየት፣ ያው ጦር፣ ያው ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። መሣሪያው እንዲያውም በዝቶ። በ1974 ቀይ ኮከብ ዘመቻ ተብሎ ያ ሁሉ ጦር በኤርትራ የሻዕቢያ አማፅያን ወደያዟት ወደ ናቅፋ ተመመ። ናቅፋ አልተያዘችም። መጋቢት 1980 እዚያው ኤርትራ ውስጥ አፍዓበት ላይ የኛው ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ። አማካሪው ራሱ ከተማረከ ምክሩን ማን ይስማ? የናደውን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን ደግሞ ጠላት አልገደላቸውም። ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ያስረሸኗቸው የራሳቸው ሊቀመንበር ናቸው። ይህንን ቀዳዳ የሚደፍን ታንክ ሞስኮም አልሠራች።

ሻዕቢያ በአንጻሩ እንዲህ በገፍ የሚያስታጥቀው ኃያል መንግሥት አልነበረውም። ታንኩን ከኛ ነበር የሚማርከው። ስለዚህ የሶቪየት ድጋፍ በእርግጥም ደርሷል፤ በኛ በኩል ዞሮ ለሻዕቢያ። ኩባዎቹ ደግሞ ተዋጊ ጦራቸውን ወደ ኤርትራ አላዘመቱም። ምሥራቁ ወረራ እንደሆነ፣ ሰሜኑ ሌላ ጣጣ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ለጸሐፊያችሁ አልገባውም።

ከሱቄ ጎን ጫማ የሚጠግን አንድ የቀድሞ ወታደር አለ። አፍዓበት ነበር። ዘገባችሁን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መርፌውን ከሶሉ ውስጥ ሳያወጣ ሰማኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ አባት ሲሄዱ ተሸኝተው ነው። እኔን ከጠላ ቤት አፍሰውኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ክሩን ሳበው። የማን ጠላ ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እናቴም ጠላ ትሸጥ ነበር ብያችኋለሁ።

ያው ጦር፣ ከያው ደጋፊ ጋር፣ ምሥራቅ አሸንፎ ሰሜን ተሸነፈ። ለጥያቄያችሁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ታገኛላችሁ? ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ዘገባችሁ ዘገባ ይሆን ነበር። እናንተ ግማሹን ወስዳችሁ በሌላ ሰው ስም አተማችሁት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከፎቶው ሥር ያለችውን መስመር አርሙ። «የትግላችን ሐውልት፤ በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት ለተሰዉ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን» በሉት። በአንድ መስመር ይገባል፤ ቆጥሬዋለሁ። የሚሊሻ ፎቶ ካስፈለጋችሁ የአባቴ አለ። ስካነር አለኝ። ለሌላው አሥር ብር ነው፣ ለናንተ በነፃ። እጅጌው የታጠፈበትን ብቻ እንዳትቆርጡት።

የሚሊሻ ልጅ፣
ከቸርችል ጎዳና